ከሰንሰለት በኋላ፦ ፈሪ ውሻን በገመድ ከግቢ ማስወጣት፣ አንድ የባሕር ዳር ጉዳይ

ቡኒ 17 ኪሎ የምትመዝን ቡናማ የአገር ውሻ ናት፤ በጥርሷ ሲገመት ዕድሜዋ 5 ዓመት ይሆናል። ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ አካባቢ፣ ከጣና ዳርቻ ብዙ በማይርቅ ግቢ ውስጥ ከቡችላነቷ ጀምሮ ቀን ቀን በሰንሰለት ስትታሰር፣ ማታ ማታ ስትለቀቅ ኖራለች። ከበር ውጭ የወጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱንም ጊዜ የወጣችው ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሲሆን፣ አፏ ታስሮ፣ በማዳበሪያ ተጠቅልላ፣ ባጃጅ ላይ ተጭና ነበር። በሁለተኛው ጉዞ የያዛትን ዘበኛ እጁ ላይ ነከሰችው። ዘበኛው ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሄደ። የተከተበች ውሻም ብትነክስ መደረግ ያለበት ይኸው ነው፤ ጸበሉም የባህል መድኃኒቱም ሐኪሙ የሚያዘውን ክትባት አይተካም።

የግቢው ባለቤት ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። የፈለጉት ነገር አንድ ነበር፦ ታኅሣሥ ላይ ቀጣዩ ክትባት ሲደርስ ቡኒ 650 ሜትር የሚርቀው የእንስሳት ሕክምና ድረስ በእግሯ እንድትሄድ። ሥራው አብሯቸው ለሚኖረው የ19 ዓመት የወንድማቸው ልጅ ተሰጠ። በመስከረም መጨረሻ፣ ዝናቡ ሲያባራ ተጀምሮ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ፈጀ።

የመጀመሪያው ሙከራ ግን በአንድ ከሰዓት አለቀ። ልጁ ከገበያ የአንገት ማሰሪያና ገመድ ገዝቶ አሰራትና ወደ በሩ ጎተተ። ቡኒ አራት እግሯን መሬት ላይ ተከለች። ገመዱ ሲከርር አንገቷን ዝቅ አድርጋ ወደ ኋላ አፈገፈገች፤ ማሰሪያው በጆሮዎቿ ላይ ተንሸራቶ ወጣ። የቀረውን ቀን ከውሃ ሮቶው ሥር ተደብቃ ዋለች። ለአምስት ቀን ልጁ ባለበት ምግብ አልቀመሰችም።

"እትዬ፣ ይቺ እልኸኛ ናት፤ አትሰለጥንም" አለ።

"እልኸኛስ አንተ ነህ። እሷ ፈርታ ነው" አሉት።

እሳቸው ልክ ነበሩ። የፈራ ውሻ ከመቆሙ በፊት ብዙ ይናገራል። ጅራቱ ሆዱ ሥር ይገባል፤ ጆሮው ወደ ኋላ ይለጠፋል፤ ሙቀት ሳይኖር ያለከልካል፤ ምግብ ሳይኖር አፍንጫውን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይኖረው ያዛጋል። አንድ የፊት እግሩን አንስቶ ይቆማል፤ የዓይኑ ነጭ በጎን ይታያል። ያ ሁሉ ካልተሰማለት ይተክላል፣ ወይም ይሸሻል፣ ወይም ይነክሳል። "የሚጮህ ውሻ አይናከስም" የሚባለውን የሚያምን ሰው የማይጮኸውን መርሳት የለበትም፤ ቡኒ ዘበኛውን የነከሰችው አንዴም ሳታጉረመርም ነው። ስታጉረመርም በዱላ ትመታ ስለነበር ማጉረምረሙን ትታዋለች።

ማሰሪያው የወጣበት ምክንያትም ቀላል ነው። እንደ ቡኒ ያሉ የአገር ውሾች ጭንቅላታቸው ከአንገታቸው ብዙም አይሰፋም። ወደ ኋላ የሚያፈገፍግ ውሻ ከአንገት ማሰሪያ ያለ ችግር ይወጣል። እንዳይወጣ ብሎ ማጥበቅ ደግሞ ጉሮሮውን አንቆ ፍርሃቱን ያባብሰዋል።

ከገመዱ በፊት

ቤት ድረስ የተጠራው የእንስሳት ሐኪም መጀመሪያ ያየው አንገቷን ነው። ሰንሰለቱ ያረፈበት ቦታ ዙሪያውን ፀጉር አልነበረውም፤ ከአገጯ ሥር ጣት የሚያህል የሚያዥ ቁስል ነበረ፤ ጆሮዋ ውስጥ መዥገር ተሰግስጓል። የሚያማትን ቦታ የነካ ገመድ ሁሉ ጠላት ይሆንባታልና ቁስሉ ሳይድን ሥልጠና መጀመር ትርፉ ድካም ነው። ቁስሉ በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ላይ 9 ግራም (አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል) ጨው እየተበጠበጠ በቀን ሁለቴ ታጠበ፤ ሐኪሙ ያዘዘው ቅባት ተደረገለት። ለሰው የሚሰጥ ማስታገሻ ፈጽሞ አልተሰጣትም። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያደማሉ፣ ኩላሊቱንም ይጎዳሉ።

ሰንሰለቱ በዚያው ቀን ተፈታና በምትኩ የግቢው ጓሮ በቆርቆሮ ተከለለላት። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቀን በሰንሰለት ታስራ ማታ ለአሥር ደቂቃ "ሥልጠና" የምትወጣ ውሻ ከአንገቷ የሚታሰር ነገር ሁሉ እስር መሆኑን በየቀኑ እያረጋገጠች ትውላለች።

ከዚያ አንድ እንቆቅልሽ መጣ። ልጁ ሊያለማምዳት ዳቦ ሲያሳያት ቡኒ ሸሸች። የራበው ውሻ ከዳቦ እንዴት ይሸሻል? ምክንያቱ ከዘበኛው ተገኘ። አምስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሊያስራት ሲል የሚጠራት ዳቦ እያሳየ ነው። ስትጠጋ ይይዛታል፤ ቀጥሎ መንጠቆው "ቀጭ" ይላል። ለቡኒ ዳቦ የሰንሰለት ምልክት ሆኗል።

የዚህ ሥራ ሁሉ ቁልፍ ይህ ቅደም ተከተል ነው። አስፈሪው ነገር መጀመሪያ፣ ምግቡ ከኋላ መምጣት አለበት። ገመዱ ይታያል፣ ከዚያ ሥጋ ይመጣል፤ ባጃጁ ይሰማል፣ ከዚያ ሥጋ ይመጣል። በዚህ ቅደም ተከተል ባጃጁ የሥጋ ምልክት ይሆናል። ሲገለበጥ፣ ማለትም በሥጋ አባብሎ ወደሚያስፈራው ነገር ሲያስጠጓት፣ ሥጋው ራሱ የወጥመድ ምልክት ሆኖ ያርፋል።

ስለዚህ ዳቦው ቀረ። በምትኩ ከልኳንዳ ቤት በርካሽ የሚገኝ የበሬ ሳምባ ተቀቅሎ በሽምብራ ፍሬ ልክ ተከተፈ፤ በቀን ከ60 እስከ 80 ቁራጭ። ያን ያህል ከመደበኛ ምግቧ ተቀነሰ። ጉበት በጣም ትወዳለች፤ ግን ቫይታሚን ኤ ስለሚበዛበት ለከባድ ቀን ብቻ ተቀመጠ። የወጥ ትራፊ አይሆንም፤ ሽንኩርቱም ነጭ ሽንኩርቱም የውሻን ደም ይጎዳል። የጣና ዓሣ በየቤቱ ስለማይጠፋ የቆሮሶ አጥንት የመጣል ልማድም እንዲቀር ተደረገ፤ የበሰለ የዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ይሰካል።

ድምፁ

ልጁ ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ገመድ አልያዘም። ከቡኒ 4 ሜትር ርቆ፣ ፊቱን ሳይሆን ጎኑን ሰጥቶ፣ ዱካ ላይ ይቀመጣል። የመንጠቆው ቀለበት ኪሱ ውስጥ በጨርቅ ተጠቅልሏል። አንዴ በቀስታ ያንቃጭለዋል፤ አንድ እስኪባል ይጠብቃል፤ ቁራጩን ወደ እሷ ይጥላል። አሥር ጊዜ ጠዋት፣ አሥር ጊዜ ማታ። በመጀመሪያው ቀን ድምፁን ስትሰማ ወደ ሮቶው ሮጣ ሥጋው እዚያው ቀረ። በሁለተኛው ቀን ጨርቁ ተደርቦ ድምፁ ቀነሰ፤ ርቀቱም 7 ሜትር ሆነ። በአራተኛው ቀን ማታ ቀለበቱ ሲንቃጨል ጆሮዋ ወደ ፊት ዞረ፤ ዓይኗም የልጁን እጅ ፈለገ። ይህ ምልክት ሳይታይ ወደ ቀጣዩ ደረጃ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው።

ርቀቱ ልክ መሆኑን የሚነግረው የአወሳሰዷ ሁኔታ ነው። ቁራጩን በለስላሳ ከንፈር አንስታ ካላመጠች ደህና ነው። ጥርሷን አጥብቃ ከነጠቀች ተጨንቃለች። አሽትታ ከተወችው ወይም ከአፏ ከጣለችው ደግሞ ርቀቱ ቀርቧል፤ ወዲያው መራቅ ያስፈልጋል።

የደረት ማሰሪያው

ለቡኒ የሚሆን ማሰሪያ ገበያ ላይ ስላልተገኘ ቦርሳ ሰፊ ዘንድ ተሰፋ። ጥሬ ዕቃው 3 ሜትር፣ 25 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው የሻንጣ ማንገቻ ናይለን ነው። ልኩ፦ በአንገቷ ሥር 42 ሴንቲ ሜትር፣ ከፊት እግሮቿ ኋላ በደረቷ ዙሪያ 60፣ ከመጨረሻው ጎድን አጥንት ጋር በወገቧ ዙሪያ 48። የሚያድነው ሦስተኛው ቀበቶ ነው። ወገቧ ከደረቷ ስለሚጠብ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ቀበቶው ደረቷ ላይ ይያዛል። ሁለት ቀበቶ ብቻ ካለው ማሰሪያ የፈራ ውሻ በሰከንዶች ውስጥ ሊወጣ ይችላል። የደረት ቀበቶው ከብብቷ ሦስት ጣት ወደ ኋላ እንዲያርፍ፣ በእያንዳንዱ ቀበቶ ሥር ሁለት ጣት እንዲገባ ተደረገ።

መጋጠሚያዎቹ በአራት ማዕዘን ዙሪያቸውን ተሰፍተው መሃላቸው በመስቀል ተመታ። ቀለበቱ የተበየደ መሆን አለበት፤ የታጠፈ ብቻ ከሆነ ሲጎተት ይከፈታል። የመጀመሪያው ፕላስቲክ ዘለበት ማሰሪያው ከበሩ ቋሚ ጋር ታስሮ ልጁ በሙሉ ክብደቱ ሲስበው ተሰበረ። እዚያ መሰበሩ ዕድል ነው፤ መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮ ቡኒን ማግኘት አይቻልም ነበር። በብረት ዘለበት ተተካ። ለመጠባበቂያም ከደረት ማሰሪያው ቀለበት ወደ ላላ የአንገት ማሰሪያ የሚሄድ 40 ሴንቲ ሜትር ገመድ ተጨመረ፤ አንዱ ቢከዳ ሌላው ይይዛል።

ማልበሱ ዘጠኝ ቀን ወሰደ። መጀመሪያ ማሰሪያው መሬት ላይ ተዘርግቶ ሥጋው በላዩ ይበተናል። ከዚያ ልጁ የአንገቱን ቀዳዳ በእጁ ከፍቶ ይይዛል፤ ሥጋው በወዲያኛው ወገን ነው፤ አንገቷን የምታስገባው እሷ ራሷ ናት። አስገብታ ብታወጣ አትያዝም፤ ማውጣት እንደምትችል ያወቀች ውሻ ቶሎ ትመለሳለች። ዘለበቱ ከሰውነቷ ርቆ ተዘግቶ ድምፁን ከለመደች በኋላ በስድስተኛው ቀን ደረቷ ላይ ተቆለፈ፤ ለሁለት ደቂቃ ብቻ። በዘጠነኛው ቀን ማሰሪያውን ለብሳ እራቷን በላች። ሌሊት አይተውላትም፤ አጥር ላይ ሊያንቃት ይችላል።

ገመዱ ሲከርር

አንድ ሜትር ተኩል ቀላል ገመድ፣ ጫፉ ላይ የእጅ ማስገቢያ የሌለው (ድንጋይና ሥር ላይ እንዳይሰካ)፣ ልጁ እያየ ብቻ ለአምስት ደቂቃ ትጎትተዋለች። ከሦስት ቀን በኋላ ጫፉን አነሳው። እሷ ወደሄደችበት ይሄዳል፤ እሷን አያስከትልም።

ከዚያ ትልቁ ትምህርት መጣ። ቡኒ የምታውቀው የከረረ ነገር ሁሉ የሚታገሉት መሆኑን ነው፤ ሰንሰለት ሲከርር ትስበዋለች። አሁን ሲከርር ወደ ከረረበት አንድ እርምጃ ብትሄድ እንደሚላላ ማወቅ ነበረባት። ልጁ ገመዱን በሁለት ጣቱ ይዞ በጣም ትንሽ ይስበዋል፤ ልኩ ረከቦት ላይ ያለችን ባዶ ሲኒ የማይጥል ያህል ነው። አይጨምርም፣ አይነቀንቅም፣ ይጠብቃል። አንድ ቀን 40 ሰከንድ ጠበቀ። ቡኒ አልተራመደችም፤ ክብደቷ ከኋላ እግሯ ወደ ፊት እግሯ ሲዞር ብቻ ትከሻዋ ሲነሳ ታየ። በዚያች ቅጽበት ገመዱ ላላ፤ ሥጋ ወረደ። በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት ትከሻው እርምጃ ሆነ፤ እርምጃው ሦስት ሆነ። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ውሻው ሲቆም ጉልበት ይጨምራል፤ ውሻውም ይጨምራል፤ ያሸነፈው ማንም ቢሆን የተማረ የለም።

በሩ

ከአልጋዋ እስከ ግቢው በር 22 ሜትር ነው፤ ከበሩ ማዶ ካለው መንገድ ይልቅ ጊዜ የፈጀው እሱ ነው። የላሜራው በር ሲከፈት ይጮኻል፣ መቀርቀሪያው ይንኳኳል፤ ባጃጁ ሁለቴም የጠበቃት እዚያው ነው። ማጠፊያው ግሪስ ተቀባ፤ መቀርቀሪያው የሚያርፍበት ብረት በአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ ተጠቀለለ። ይህ 20 ደቂቃ የፈጀ ሥራ የአንድ ሳምንት ሥልጠና ያህል ጠቀመ።

ቡኒ ከበሩ 6 ሜትር ስትደርስ አፍንጫዋን መላስ ትጀምራለች። ስለዚህ ሥራው ከ8 ሜትር ተጀመረ። እትዬ በሩን ይከፍታሉ፤ ማንም አይወጣም፤ ሥጋ ይመጣል፤ በሩ ይዘጋል። በየቀኑ ግማሽ ሜትር ያህል ተቀረበ፤ ተመልሶ የተራቀበትም ቀን ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ደፉ ላይ ቆማ ወደ ውጭ ማሽተት ጀመረች። ማሽተት ጥሩ ምልክት ነው፤ በፍርሃት የደረቀ ውሻ አያሸትም።

ሰዓቱ ከንጋቱ 12:00 ሆነ፤ ባጃጆች ሳይበዙ፣ ኮብልስቶኑም ሳይግል። ባሕር ዳር ላይ ከመጋቢት በኋላ የእኩለ ቀኑ አስፋልት መዳፍ ያቃጥላል፤ የእጅን ጀርባ ሰባት ሰከንድ አሳርፎ መታገስ ካልተቻለ ውሻም አይችልም። እሁድና የበዓል ቀን አይወጣም፤ ዣንጥላና ዱላ የያዘ ቤተ ክርስቲያን ሳሚ መንገዱን ይሞላዋል። ማታ በደንገሉ ዳር መሄድም አይታሰብም፤ ጉማሬ ጨለም ሲል ለግጦሽ ይወጣል።

የተበላሹት ሁለት ቀናት

በሰባተኛው ሳምንት፣ ማክሰኞ፣ ከበሩ 30 ሜትር ርቀው ሳለ ባጃጅ ከማዕዘኑ ብቅ ብሎ ጥሩምባ ነፋ። ልጁ ገመዱን እጁ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞት ነበር። ቡኒ ስትፈተለክ ገመዱ ድንገት አስቆማት፤ መሬት ላይ ተለጠፈችና ሸናች። ልጁም ደንግጦ እየጎተተ ወደ ቤት መለሳት። በዚያ ሌሊት የሰፈሩ ውሾች ሲጣሉ አድረው ነበር፤ ጠዋት ደግሞ ከጎረቤት የቆርቆሮ ጣሪያ ሥራ ነበረ። አንዱ ፍርሃት ሳይበርድ ሌላው ሲደረብ በሌላ ቀን ያለፈችውን ባጃጅ ማለፍ ያቅታታል። እንዲህ ባለ ቀን የሚሻለው አለመውጣት ነው።

ለአራት ቀን ሥራው ሁሉ ቆመ። ከዚያ ከበሩ 8 ሜትር እንደገና ተጀመረ፤ አሁን ግን የጠፋው በአምስት ቀን ተመለሰ። ገመዱም ተቀየረ፦ 2 ሜትሩ ለመንገድ፣ 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው 8 ሜትር የተጎነጎነ ገመድ ለሰፊ ሜዳ። ቀጭን ሲባጎ መዳፍ ይቆርጣል። እጅ ላይ መጠምጠም ቀረ፤ ገመዱ እንደ አኮርዲዮን ታጥፎ መዳፍ ውስጥ ይያዛል። ስትደነግጥ ልጁ ከእሷ ጋር ሁለት ሦስት እርምጃ ይሄድና ቀስ ብሎ ያቆማታል። ባጃጅ ሲሰማ መንገዱን ተሻግሮ በአጥር ጥግ መቆምና ባጃጁ እስኪያልፍ ቁራጭ በቁራጭ መስጠት ሕግ ሆነ።

ሁለተኛው ብልሽት ከባጃጁ የረቀቀ ነበር። አንድ የሰፈር ልጅ ጫማውን ሊያስር ጎንበስ አለ፤ 12 ሜትር ርቆ ነው። ቡኒ ጮኻ ዞረች። በእኛ አገር መንገድ ላይ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ ነው፤ ይህን የማያውቅ ውሻ የለም። ሥራው ወደ ግቢ ተመለሰ። እትዬ 10 ሜትር ርቀው በቀስታ ጎንበስ ብለው ነጠላ ጫማቸውን ይነካሉ፤ ቀና ይላሉ፤ ሥጋ ከልጁ እጅ ይመጣል። መጀመሪያ ጉልበታቸውን ያህል፣ ከሦስት ቀን በኋላ መሬት ድረስ። ከዚያ ዘበኛው፣ በመጨረሻ የሰፈር ልጆች ከበሩ ማዶ ቆመው። ልጆቹ እንዲያበሏት ወይም እንዲዳብሷት ግን አልተፈቀደም። ሥራ ስለተሰጣቸው ድንጋይ መወርወሩን ራሳቸው ማስቆም ጀመሩ፤ ይህ ያልታሰበ ትርፍ ነው።

በዘጠነኛው ሳምንት አውራ ውሾች በር ላይ ማደር ጀመሩ፤ ቡኒ ልትጠቃ (ወንድ ልትፈልግ) ደርሳለች ማለት ነው። ሦስት ሳምንት መንገድ መውጣት ስለማይቻል ሥራው ግቢ ውስጥ ብቻ ሆነ፤ የታቀደውን ቀን ወደ ታኅሣሥ መጨረሻ የገፋውም ይኸው ነው። በጊዜው ብትኮላሽ ኖሮ ይህ ባልገጠመ።

ክትባቱ

የመጨረሻው ጉዞ 650 ሜትሩን በ26 ደቂቃ ነበር። አራት ጊዜ ቆማለች፤ ሦስቱን ጊዜ ልጁ ጎኑን ሰጥቶ እስክታሸት ጠበቀ፤ አንዱን ጊዜ፣ ጋሪ ሲያልፍ፣ 15 ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰው ድጋሚ መጡ። የሕክምናው ደጃፍ ላይ ሌላ የታሰረ ውሻ ስለነበር ውጭ፣ ከዛፍ ሥር ተጠበቀ። መርፌው እዚያው ዛፉ ሥር ተወጋ፤ ከመወጋቷ በፊት የለመደችው የጨርቅ አፍ ማሰሪያ ተደርጎላት ነበር፤ ከመርፌው ቀጥሎ ጉበት በላች። ሚዛን ላይ ስትወጣ 18 ኪሎ ሆና ተገኘች፤ ሳምባው ተጠያቂ ነው፣ ቁራጮቹ በቀን ወደ 40 ዝቅ እንዲሉ ተነገረ።

ገበያ ውስጥ አትሄድም፤ እንድትሄድም አልተሞከረም። ዱላ የያዘ ወንድ ሲያልፍ አሁንም ከልጁ ኋላ ትደበቃለች። የጥምቀት ሰሞን ከጥር 9 እስከ 12 በሩ ተዘግቶላት ጓሮ ትቆያለች። አሮጌው ሰንሰለት ለውሃ ሮቶው ክዳን ማሰሪያ ሆኗል፤ ነፋስ ሲያንቀጨቅጨው ቡኒ አሁንም ቀና ትላለች፣ ከዚያ ወደ ልጁ እጅ ትመለከታለች።